የቆመ ፓምፕ ስንት ሰው ያጠጣል?

ጥር ውስጥ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ጅሩ በኩል ባለች አንዲት ቀበሌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። እህል ተወቅቶ አልቋል። ጥቁሩ አፈር ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ሰው ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከወረዳ የመጣው ልጅ ደብተሩን ገልጦ የግማሽ ዓመቱን አፈጻጸም ያነባል። ውሃ ላይ ሲደርስ የቀበሌው ሽፋን ከዕቅዱ በላይ መሆኑን ተናገረ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ ፓምፑ ከቆመ እኮ ሦስተኛ ወሩን ያዘ» አሉት።

ልጁ ደንገጥ አለ። ደብተሩን መልሶ አየ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ግን ተሸፍኗል ነው የሚለው» አላቸው። ሊያታልላቸው አልነበረም፤ በእጁ የያዘው ወረቀት የሚለው ያንኑ ነው።

ስብሰባው ሲበተን ወደ ፓምፑ ወረድኩ። እጀታውን ስጫነው ያለ ምንም ክብደት ወረደ። ከታች ውሃውን የምትስበው ጎማ ተበልታለች አሉኝ። በአጥሩ ዙሪያ ሣር በቅሏል፣ ሲሚንቶው ላይ የፍየል በጠጥ ተበትኗል። ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል፤ ቁልቁል ወርደው፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባ አዝለው፣ ዳገቱን ሽቅብ።

ያን ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለዚያ ደብተር ነው። መንግሥት ለሕዝብ አያስብም ብሎ መደምደም ቀላል ነው፣ እኔ ግን እንደዚያ አላምንም። ፓምፑን የተከለው መንግሥት ነው፤ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ባለሙያ ተልኮበታል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ዕቅዳችን የሚቆጥረው የተሰጠውን ነው። ሰው እጅ ላይ የቀረውን የሚቆጥር የለም። ሕዝቡ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ የሚጠየቀውም መልሱ ከተወሰነ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሽፋን የሚባለውን ነገር እንየው፤ እንዴት እንደሚሰላ ብዙ ሰው አያውቅምና። አንድ የእጅ ፓምፕ ሲተከል ለዚህን ያህል ሰው ይበቃል ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። 300 ነው እንበል። በወረዳው ያሉት ፓምፖች፣ የጎለበቱ ምንጮችና ቦኖዎች በየቁጥራቸው ይደመራሉ፣ ድምሩ ለወረዳው ሕዝብ ብዛት ይካፈላል። የሚወጣው መቶኛ ሽፋን ይባላል። ርቀትና መጠንም አለው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 በነበረው፣ የገጠር ሰው በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ በቀን 15 ሊትር እንዲያገኝ ነበር የታቀደው። በሁለተኛው፣ ከ2008 እስከ 2012፣ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ተደረገ። 25 ሊትር ማለት አንድ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት ጀሪካን ይደርሰዋል ማለት ነው። ምንጭ የምትወርድ ሴት ግን በአንድ ጉዞ አንድ ጀሪካን ነው የምታዝለው፣ በቀን አምስት ጊዜ ደግሞ ያን ዳገት አትወጣውም።

መስፈርቱ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ፓምፑ በተተከለበት ቀን የተመዘገቡት 300 ሰዎች ፓምፑ በቆመበት ቀን ከመዝገቡ አይሰረዙም። ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይቀመጣሉ። በ2003 በአገር አቀፍ ደረጃ የውሃ ተቋማት ቆጠራ ሲካሄድ ከገጠሩ ተቋማት ሩብ ያህሉ የማይሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሩብ! አራት ፓምፕ ካያችሁ አንዱ ቆሟል ማለት ነው። እንደገና ለማስነሣት የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር አይደለም። ጎማ ነው፣ ዘንግ ነው፣ ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ዕቅዱ ላይ ግን «አዲስ ግንባታ» የሚል ረድፍ አለ፣ «የነበረውን ማስቀጠል» የሚለው ረድፍ ወይ የለም ወይ የሚበጀትለት ገንዘብ ለሰው ቀን አበል አይበቃም። አዲስ ነገር ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ጎማ የሚያስመርቅ ባለሥልጣን አላየሁም፤ አንድ ቀን ባይ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ማካፈያው እንምጣ። የወረዳው ሕዝብ ብዛት ከየት ነው የሚመጣው? ከቆጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የተካሄዱት ሦስት ናቸው፤ 1976፣ 1987 እና 1999። አራተኛው በ2010 መሆን ነበረበት። ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። እስከ ዛሬ የምናቅደው በ1999ኙ ቁጥር ላይ ግምት እየጨመርን ነው።

በዚያ ቆጠራ ሰሜን ሸዋ ዞን 1,837,490 ሰው ነበረው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 65,231። ይቺን ሁለተኛዋን ቁጥር ያዙልኝ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና ሥራ መጀመሩ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አልነበረም፣ እሱ የተመረቀው በ2011 ነው። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ የገብስ ማሳ ነበሩ። አሁን ጠዋት በጠባሴ በኩል ብትቆሙ የሽፍት ሠራተኛው መንገዱን ሞልቶ ታዩታላችሁ። አንድ ክፍል ቤት ሦስትና አራት ሆነው የሚከራዩ ወጣቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከወሎ የመጡ። በዚያ ላይ ከወለጋ ተፈናቅለው በቻይና ካምፕና በሌሎች መጠለያዎች ለዓመታት የኖሩ ወገኖች አሉ። እነዚህ ሰዎች ውሃ ይጠጣሉ፣ ይታመማሉ፣ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ መቀመጫ ይፈልጋሉ። በ1999ኙ ቁጥር ላይ የተገመተ ዕድገት ግን ፋብሪካ ሊተከል መሆኑን አያውቅም፣ መፈናቀል ሊመጣ መሆኑን አያውቅም። እና የቧንቧው ስፋት፣ የሐኪሙ ቁጥር፣ የመማሪያ ክፍሉ ሁሉ የሚወሰነው በወረቀት ላይ ለምትኖር ሌላ ትንሽ ደብረ ብርሃን ነው።

በገጠሩ በኩል ተቃራኒው ይገጥማል። ወጣቱ ለቆ የሄደበት ቀበሌ አለ፣ በወረቀት ግን አሁንም እዚያው ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት ደግሞ ከወረዳ ከተማ ወጥቶ ቀበሌ ደርሶ መመለስ ራሱ ከባድ ሆኗል። ባለሙያው ባልደረሰበት ቦታ ዕቅድም ሪፖርትም ቢሮ ውስጥ ይጻፋል። ስለዚህ ዕቅዱ የሚያወራው ስለ የትኛው ሰው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዕቅድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ከ1950 ጀምሮ ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ነበሩ። ደርግ በ1977 የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ አወጣ። ኢሕአዴግ ሁለቱን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች አመጣ። አሁን ያለነው ከ2013 እስከ 2022 በሚሄደው የ10 ዓመት የልማት ዕቅድ ውስጥ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የዕቅዱ ስም ይለወጣል። ያልተለወጠው መንገዱ ነው። ዕቅድ ይወርዳል፣ ሪፖርት ይወጣል። ፌዴራል ለክልል፣ ክልል ለዞን፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ ኮታ ይሰጣል። ቀበሌ ሲደርስ ለሕዝቡ «ግቡን ተወያዩበት» ይባላል። ሰው ይወያያል፣ እጅ ያወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ሕጉ ግን ከዚህ በላይ ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብት ነው እንግዲህ፣ ችሮታ አይደለም። ውሳኔ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ውይይት ያንን መብት አያሟላም። ማሳወቅ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ የጊዜው ነገር ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሐምሌ ላይ መንዝ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉም ነው፣ በረዶ ነው፣ ጭቃ ነው። ጅሩ ላይ ደግሞ ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አይለቅም፤ አህያ እንኳ እየሰመጠች ነው የምትሄደው። ገንዘቡ የሚከፈተው መንገዱ በተዘጋበት ወር ነው። መስከረምና ጥቅምት በዕቅድ ክለሳ፣ በጨረታና በስብሰባ ያልቃሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ገበሬውን የሚያገኘው የለም። ሥራው እውነት የሚጀመረው የካቲት መጋቢት ነው። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣል። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል፣ የመለሰ ወረዳ ደግሞ በግምገማ ይወቀሳል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሩጫ ነው። የሚገዛ ይገዛል። ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ የጽሕፈት ዕቃ። ወረዳ ከክልል በጥቅል የሚደርሰው በጀት እኮ ከፍተኛው ክፍል ደመወዝ ነው። ደመወዝ ከወጣ በኋላ የተረፈችው ትንሿ ብር እንኳ በሰኔ ጥድፊያ ከዚያ ጎማ ጋር ሳትገናኝ ታልቃለች።

በልግን ያየን እንደሆነም ያው ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መንዝ፣ ጣርማበር፣ አንኮበር፣ ጊሼ፣ ብዙ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለችው ዝናብ ከቀረች ዓመቱ ይቀራል። ክረምቱ ለእነሱ ብርድና ውርጭ ነው። የአገሪቱ የግብርና አቆጣጠር ግን የተሠራው ለመኸር ነው። ማዳበሪያው፣ ዘሩ፣ ብድሩ፣ ቅስቀሳው ሁሉ ሐሳቡ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። በልግ አምራቹ ማዳበሪያ የሚፈልገው ጥር መጨረሻ ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔትም፣ ችግረኛው የሕዝብ ሥራ እየሠራ እርዳታ የሚያገኝበት፣ እንዲሁ ነው። የሕዝብ ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ይሠራል፣ ምክንያቱም በአብዛኛው አገር ያ ጊዜ ገበሬ ሥራ የሚፈታበት ነው። በበልግ አገር ግን ገበሬው ከሞፈሩ ጀርባ መሆን ያለበት ልክ ያኔ ነው። እርከን ልሥራ ወይስ ልዝራ ብሎ የሚጨነቅ አባወራ አውቃለሁ። ሁለቱም ለልጆቹ ጉሮሮ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁሉ ነገር ጨለማ እንዲመስል አልፈልግም። መንዝ ውስጥ ስለ ዕቅድ የሚያስተምር ታሪክ አለ፣ የበግ ታሪክ።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ብርዱን ግን ይችላል፣ ሱፉ ለባናና ለዝተት ይሆናል፣ ላቱ ወፍራም ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማራቢያ ማዕከል ተቋቋመ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ትልልቅ የውጭ ዝርያዎችን፣ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉትን፣ ከመንዙ ጋር አዳቅሎ ትልቅ በግ ለገበሬው ማደል። ሥጋውም ሱፉም ይጨምራል ተባለ። በሚዛን ከተሄደ ልክ ናቸው። ገበሬው ግን አልወደደውም። ላት የሌለው በግ ለእሱ በግ አይመስለውም፣ ገበያም አይነሣለትም። ፋሲካ ደርሶ ገዢው መጀመሪያ የሚጨብጠው ምኑን ይመስላችኋል? ላቱን ነው። ይህ ለመንዝ ሰው ምሥጢር አይደለም፣ በማንኛውም ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ አንድ ሽማግሌ የጠየቀ ይሰማዋል። በኋላ አዋሲ የተባለው ላት ያለው ዝርያ ሲመጣ አቀባበሉ የተሻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ2001 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ገለበጡት። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና አብረውት የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ተቋማት ገበሬውን መጀመሪያ ጠየቁት። አንተ ጥሩ በግ የምትለው የትኛው ነው? ቁመናው፣ ቀለሙ፣ ላቱ፣ ቀንዱ፤ ሁሉም ተጻፈ። የሚመዘነውን ባለሙያው እየመዘነ፣ የሚመረጠውን መንደሩ ተሰብስቦ እየመረጠ፣ ከራሱ ከመንዙ ዝርያ ጥሩ ጥሩው አውራ በግ ተለይቶ በጋራ መጠቀም ተጀመረ። ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ማዕከሉ ያው ነው፣ ገበሬውም ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄው የተጠየቀበት ሰዓት ነው። ለእኔ ስለ ፖሊሲ ከሰማሁት ሥልጠና ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ጓሳም አለ። የመንዝ ሰው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአስቦና የጌራ ልጆች ተብለው ተካፍለው፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጉታል። ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። በሐዋርያት ጾም ፍቺ፣ ሐምሌ 5፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ይህ ዕቅድ ነው። የበጀት ዓመት አለው፣ ክትትል አለው፣ ቅጣት አለው። እና ልብ በሉ፣ የሚዘጋበት ቀን የተመረጠው ሣሩ ማረፍ በሚፈልግበት ወቅት ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ ቀኑን ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል፣ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ መብት አልነበረውም፣ ይህ ቀላል በደል አይደለም። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ የዘር መብት ቀረ። አብሮት ግን ጥበቃውም ላላ፣ ሣሩ ያለ ወራቱ ታጨደ፣ ተጋጠ። አዋጁ ለፍትሕ የወጣ ነው፣ ግን መሬቱን ማን እንደሚጠብቅ የታሰበበት አይመስልም። ኋላ ላይ ቀበሌዎቹ ተሰባስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚሄድ ሰው የሚያየው የዚያን ሕዝብ ዕቅድ ውጤት ነው።

ከላይ የመጣ ሁሉ አይሆንም ማለትም ስሕተት ነው። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከላይ የመጣ ነው። ሁለት የሠለጠኑ ልጆች በየቀበሌው ተመድበው፣ ቤት ለቤት እየሄዱ፣ እናት ቡና እያፈላች ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ክትትል ሲነግሩ ለውጥ መጥቷል። የሠራው እዚያው ቀበሌ ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። ማን እንዳረገዘች ያውቃሉ። ክትባት ካለቀ እናቶቹ በር ድረስ ሄደው ይጠይቋቸዋል። ፓምፑ እንዲህ ዓይነት ሰው የለውም።

እና ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የውሃ ሪፖርት ላይ «የተተከለ» ከሚለው ረድፍ ጎን «በዚህ ወር የሠራ» የሚል ረድፍ ይጨመር፣ እሱንም ከወረዳ ባለሙያው ይልቅ የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ትሙላው። ከወረዳው በጀት ትንሽም ብትሆን ለጥገና ብቻ የምትውል፣ ሰኔ 30 የማትመለስ ገንዘብ ትቀመጥ። ቀበሌ የሚፈልገውን የሚናገርበት ስብሰባ ኮታው ከመውረዱ በፊት፣ ጥር ላይ ይሁን፤ ያኔ እህል ገብቷል፣ ሰው ጊዜ አለው፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀትም ገና አልተቆረጠም። በበልግ አገር ደግሞ ከጥር ይቅደም፣ ወደ ታኅሣሥ። የሕዝብ ቆጠራውም ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ ካለበት ቢያንስ ከተሞች ራሳቸው ቤት ለቤት ይቁጠሩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ እድር የሌለው ሰፈር የለም። እድር አባላቱን በስም ያውቃል፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተከራየ ያውቃል። ከእሱ መጀመር ይቻላል።

ወደዚያች ቀበሌ የተመለስኩት መጋቢት ላይ ነው። ፓምፑ ዙሪያ ያለው ሣር ተረግጦ ጠፍቷል። ሴቶቹ በየቤቱ ብር አዋጥተው፣ አንድ ጎረምሳ ደብረ ብርሃን ልከው ጎማዋን አስገዝተዋል። ቀድሞ ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ቀን ሥራ የሠራ ሰው እዚያው ሰፈር ተገኝቶ በግማሽ ቀን ገጥሞላቸዋል። ያቺን እናት አገኘኋቸው፣ ጀሪካናቸውን እየሞሉ። «ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ቅመስ» አሉኝ። በእጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከወረዳ የመጣ ሰው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልመጣም አሉ። ደብተሩ ላይ የቀበሌው ሽፋን ፓምፑ ሲቆም ዝቅ አላለም፣ ሲነሣም ከፍ አላለም።